ዲስቶርሽን አንቺሆዬን አይውጠውም
የአንባቢያን ጥያቄና የአንድ ጊታር ተጫዋች መልስ

በዚህ ወር ለዓምዱ ከደረሱት ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የመጡት ከሰሜን ሸዋ ነው። ከአዲስ አበባ የምሽት መድረኮች ተሰናብቼ ደብረ ብርሃን መግባቴን የመጽሔቱ ዝግጅት ክፍል ባለፈው እትም ስለገለጸ፣ የአካባቢው ሰው ጎረቤቱን እንደሚጠይቅ ሆኖ ጽፎልኛል። ደብዳቤዎቹን ፍሬ ነገራቸውን ሳልነካ አሳጥሬያቸዋለሁ፤ የጸሐፊዎቹንም ስም አላወጣሁም።

«ጋሼ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ከጓደኞቼ ጋር የሮክ ባንድ አቋቁመናል። የሚሰማን ሁሉ ‹ይህ የፈረንጅ ጩኸት ነው፣ የእኛ ሙዚቃ አይደለም› ይለናል። በራሳችን ቅኝት ለመጫወት ስንሞክር ደግሞ አንቺሆዬ ቅኝት በዲስቶርሽን (የጊታሩን ድምፅ በሚያሻክረው) ይበላሽብናል፣ ዜማውም ይጠፋል። ሮክ ከቅኝታችን ጋር አይስማማም ማለት ነው?» (ከደብረ ብርሃን)

በአንድ ደብዳቤ ሁለት ጥያቄ ጠይቀኸኛል። የመጀመሪያው ያረጀ ክርክር ስለሆነ ብዙ አልቆይበትም። ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባዎቹ የአርመን ልጆች እ.ኤ.አ. በ1924 የነሐስ መሣሪያቸውን ይዘው አዲስ አበባ ሲገቡ፣ ትራምፔትና ትሮምቦን ለአብዛኛው የከተማው ጆሮ ባዕድ ነበሩ። መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት መዝሙር ዜማ ደረሱ፤ ከዚያው ቤተሰብ የወጡት ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ ቆይተው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር የአገሩን ዜማ ለኦርኬስትራ አቀናበሩ። ዛሬ የክቡር ዘበኛንና የፖሊስ ኦርኬስትራን ዘመን ሥራዎች «የድሮው የአገራችን ሙዚቃ» እያለ የሚናፍቅ ሰው፣ ሳክስፎኑ የማን ነው ብሎ ሲጠይቅ ሰምቼ አላውቅም። ኤሌክትሪክ ጊታርም የመጣው በዚሁ መንገድ ነው። በአሥመራ የቃኘው ጣቢያ የአሜሪካ ጦር ሬዲዮ የሚያስተላልፈውን ሶልና ሮክ እየሰሙ ያደጉ ወጣቶች ጊታሩን ይዘው ወደ አዲስ አበባ መጡ፤ አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 በግሉ ሸክላ ማሳተም ሲጀምርም ያ ድምፅ ከሸክላዎቹ ጋር በየቤቱ ገባ። የእናንተ ባንድ ከዚህ መስመር የወጣ አይደለም።

በዚያ ላይ የሚነዝር ድምፅ የፈረንጅ ነው የሚለው አነጋገር የራሳችንን መሣሪያዎች አለማስተዋል ነው። በገናን ቀርበህ ተመልከት። በእያንዳንዱ አውታርና በመቆሚያው መካከል እንዚራ የሚባል ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ይገባል፤ ሥራውም አውታሩ ሲመታ ድምፁ ጥርት ብሎ እንዳይወጣ፣ እየነዘረና እያጉረመረመ እንዲቆይ ማድረግ ነው። በገና የጸሎት መሣሪያ ነውና ከሮክ መድረክ ጋር አላስተካክለውም። ነገር ግን ሻካራ ድምፅ ለጥልቅ ስሜት እንደሚመች አባቶቻችን ከአምፕሊፋየር በፊት ያውቁ እንደነበር ያ ቁራጭ ቆዳ ይመሰክራል። የፈረስ ጭራ በፈረስ ጭራ ላይ የሚፋቅበት ማሲንቆስ ቢሆን መቼ ልስልስ ያለ ድምፅ አለው?

ሁለተኛው ጥያቄህ ግን የእጅና የጆሮ ጉዳይ ስለሆነ ረዘም ያለ መልስ ይገባዋል። ዲስቶርሽን የጊታሩን ድምፅ ማጉላት ብቻ አይደለም የሚሠራው፤ የድምፁን ሞገድ ጫፍና ጫፉን ይቆርጠዋል። ሞገዱ ሲቆረጥ አንዱ ኖታ ብዙ ተከታይ ድምፆችን ይወልዳል፤ ሁለት ኖታዎች አብረው ሲመቱ ደግሞ የሁለቱ ድምርና ልዩነት የሆኑ ሌሎች ድምፆች በመካከላቸው ይፈጠራሉ። ሁለቱ ኖታዎች በአምስተኛ (ከሲ እስከ ጂ ባለው ርቀት) የሚራራቁ ከሆነ አዲሶቹ ድምፆች ከነባሮቹ ጋር ተስማምተው ይቀመጣሉ፤ በግማሽ ድምፅ (እንደ ሲና ዲ ፍላት) የሚጠጋጉ ከሆነ ግን እርስ በርስ ይጣላሉ። የሮክ ጊታሪስቶች ሙሉ ኮርድ ትተው መነሻውንና አምስተኛውን ብቻ የሚይዙት፣ ፓወር ኮርድ የምንለውን ማለት ነው፣ በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ቅኝቶቹን በዚህ ሚዛን እንያቸው። ሁሉንም ከሲ ብንጀምር አምባሰል ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት ነው፤ ከአምስቱ ኖታዎች ሦስቱ፣ ማለትም ሲ፣ ዲ ፍላትና ኤፍ፣ አምስተኛቸውን እዚያው ቅኝቱ ውስጥ ያገኙታል። ባቲ ማይነር ሲ፣ ኢ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ቢ ፍላት ሲሆን አራቱ ያገኛሉ። እነዚህ አምስት ኖታዎች የትኛውም የዓለም የብሉዝና የሮክ ሶሎ ተጫዋች መጀመሪያ የሚማራቸው አምስት ኖታዎች ናቸው። በባቲ ያደገ ጆሮ ያለው ልጅ የሮክ ሶሎ ሲሰማ እንግድነት የማይሰማው ለዚህ ነው። ትዝታ ሜጀርም ቢሆን መነሻው ይለያይ እንጂ ከዚሁ ጋር አንድ ዓይነት ኖታ የሚጋራ ነው፤ ከሲ የተነሣ ትዝታ ሜጀርና ከኤ የተነሣ ባቲ ማይነር የሚነኩት እነዚያኑ ኖታዎች ነው።

አንቺሆዬ ላይ ሲደረስ ነገሩ ይለወጣል። ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ ነው፤ የመነሻው አምስተኛ የሆነው ጂ በቅኝቱ ውስጥ የለም። ስለዚህ መነሻው ላይ ፓወር ኮርድ በያዝህ ቁጥር አንቺሆዬ የማያውቀውን ኖታ እያስገባህ ነው፤ «ዜማው ይጠፋል» ያልከኝም ይኸው ነው። ጥፋቱ የዲስቶርሽኑ አይደለም። በዚህ ቅኝት ውስጥ ንጹሕ አምስተኛ ያላቸው ኤፍና ጂ ፍላት ብቻ ናቸው። እንግዲህ ቤዙ ሲን ይዞ ይቁም፣ አንተ ደግሞ ከላዩ የኤፍን ፓወር ኮርድ ምታ፤ የኤፍ አምስተኛ ሲ ስለሆነ መነሻው ሳይለቅ ክብደት ያገኛል። ራሱ መነሻው ላይ መምታት ስትፈልግ ሲን ከኦክታቩ፣ ማለት ከላይኛው ሲ፣ ጋር ብቻ ያዘው። ዜማውን ሁለት ጊታር ካላችሁ በአንዱ ብቻ፣ በነጠላ ክር፣ ጌይኑን (የዲስቶርሽኑን መጠን) ወደ ግማሽ አውርዳችሁና ሚዱን (መካከለኛውን ድምፅ) ከፍ አድርጋችሁ ተጫወቱት። ወጣት ጊታሪስቶች ጌይኑን እስከ መጨረሻ ማዞር ኃይል የሚሰጣቸው ይመስላቸዋል፤ የሚሰጠው ግን ጉም ነው።

ድራመራችሁንም አደራ በሉት። ችክችካን በስድስት ስምንተኛ ይዞ የኋለኛውን ምት እንደ ሮክ ቢያከብድ እንጂ፣ ዜማውን ጎትቶ አራት አራተኛ ውስጥ ቢከተው አይሆንም። ጃኖ ባንድ እ.ኤ.አ. በ2012 የመጀመሪያ አልበሙን ሲያወጣ የአገሩን ዜማ በከባድ ጊታር መሸከም እንደሚቻል ለሕዝብ አሳይቷል፤ እናንተ ደግሞ የሸዋን ሽለላና ቀረርቶ አላችሁ። በነጻ ምት የሚወርድ ቀረርቶ ሥር አንድ የተራዘመ የጊታር ድምፅ ዝም ብሎ ሲቆይ ምን እንደሚመስል ሞክሩትና ጻፉልኝ።

«ከመሐል ሜዳ ነው የምጽፈው። በሠርግ ወቅት ወደ ደብረ ሲናና ሸዋ ሮቢት ወርደን እንጫወታለን። ጊታሬ ቤት ውስጥ የተቃኘ ሲሆን ዳስ ውስጥ ስገባ ቅኝቱ ይወርድብኛል። ክሮቹም ቶሎ ይዝጋሉ። ዘፋኛችን ደግሞ ማይክራፎኑ ከንፈሩን ይነዝረዋል።»

ወንድሜ፣ ከደብዳቤህ መጨረሻ ልጀምር። ማይክራፎን ከንፈር ነዘረ ማለት የአንዱ አምፕሊፋየር ወይም የጄኔሬተሩ ግራውንድ (ወደ መሬት የሚወርደው መከላከያ ሽቦ) አልተያዘም ማለት ነው፤ ጊታር የያዘ ሰው በከንፈሩ ማይክራፎን ሲነካ ኤሌክትሪኩ በእሱ ውስጥ ያልፋል፣ በዚህም የሞቱ ሙዚቀኞች አሉ። ግራውንዱ በባለሙያ ሳይታይ አንድ ዘፈን እንኳ አትጫወቱ። የሙሽራው አባት ቢቆጡም ይቆጡ።

የቅኝቱ ነገር የብረት ጠባይ ነው። ብረት ሲቀዘቅዝ ይኮማተርና ክሩ ይወጠራል፣ ድምፁ ሽቅብ ይወጣል፤ ሲሞቅ ይረዝማል፣ ድምፁ ይወርዳል። አንተ በመንዝ ውርጭ ቃኝተህ፣ ጣርማበርን አልፈህ፣ ያን ቁልቁለት ሁሉ ወርደህ የቆላው ሙቀት ውስጥ ስትገባ ክሩ ቢላላ አይግረምህ። ዳስ ውስጥ ደግሞ የሰዉ ትንፋሽና የወጡ እንፋሎት ይጨመርበታል። ቀዝቃዛ ጊታር ከማኅደሩ ወዲያው ካወጣኸው ያ እንፋሎት ብረቱ ላይ ውሃ ሆኖ ይቀመጣል፤ ዝገቱ የሚጀምረው እዚህ ነው። እንደ ደረሳችሁ ጊታሩን ከነማኅደሩ ዳሱ ውስጥ አስቀምጠው፤ ሌላውን ዕቃ ስትዘረጉ ቀስ ብሎ ይሙቅ፤ ቅኝቱን መጨረሻ ላይ ያዝ። ክሮቹ ከአንገቱ ጫፍ በሚያልፉባቸው ጥርሶች ላይ የእርሳስ ጫፍ ብታሽባቸው ክሩ ሳይያዝ ይንሸራተታል፤ አዲስ ክር ስታስርም በእጅህ ደጋግመህ ሳትስበው መድረክ አትውጣ።

ለዝገቱ ሌላም ምክንያት አለ፤ የሠርግ ሙዚቀኛ ሁሉ ያውቀዋል፣ ማንም ግን አይናገረውም። በዶሮ ወጥ እጅ ጊታር አይያዝም። ቅቤውና ጨው ያለው በርበሬ በክሩ ጥምዝምዝ ውስጥ ከገባ የሚያወጣው የለም። መጀመሪያ ተጫወቱ፣ በኋላ ብሉ፤ ካልሆነም በሳሙና ታጠቡ።

«ወንድሜ፣ ልጄ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው። ትምህርቴን አቋርጬ አዲስ አበባ ሄጄ ባንድ እገባለሁ ብሎ አስቸገረን። አባቱ ጊታሩን እሰብረዋለሁ ብሎ ምሏል። ምን ላድርግ?» (ከደብረ ሲና)

እኅቴ፣ ጊታሩ አይሰበር። ጊታሩ የተሰበረበት ልጅ ከሙዚቃ አይርቅም፤ የሚርቀው ከአባቱ ነው።

ልጅዎ ስለ ኑሮው እውነቱን እንዲያውቅ ግን ይፈልጋሉና፣ ይህን ያንብቡለት። የባንድ ሙዚቀኛ ገቢ የሚከተለው የጾሙን ቀን መቁጠሪያ ነው። ጥር ላይ ሠርግ በሠርግ ይሆናል፤ ከዚያ ዐቢይ ጾም ይገባና ለ55 ቀን ስልኩ አይጮህም፤ ከፋሲካ በኋላ እንደገና ይሞቃል፤ ክረምቱና ፍልሰታ ሲመጣ ይቀዘቅዛል። በሥራው ወራት ያገኘውን ለሥራ አጡ ወራት ማቆየት ያልቻለ ሙዚቀኛ፣ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን፣ መሣሪያውን በመያዣ እየሰጠ ሲበደር አይቻለሁ። በ1980ዎቹ አንድ ኪቦርድ የድራሙን፣ የቤዙንና የትራምፔቱን ቦታ መያዝ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ አንድ ባንድ ያበላው የነበረው ሥራ ለአንድ ሰው ሆኗል። እኔ በበኩሌ ይህን ለሙዚቃውም ለሙዚቀኛውም ጉዳት አድርጌ ነው የማየው፤ የቀጣሪው ኪስ ግን ከእኔ ጋር አይስማማም።

ትምህርቱን ማቋረጡ ደግሞ ሊገባበት የሚመኘውን በር ራሱ መዝጋት ነው። ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በዲግሪ ደረጃ የሚያስተምር ተቋም ነው፤ ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንትና በገና ከፒያኖና ከሌሎች የውጭ መሣሪያዎች ጎን ለጎን የሚሰጡበት ነው። ልጅዎ ፈተናውን ይፈተን፤ እስከዚያ በየቀኑ ከጥናቱ በኋላ የሚጫወትበት የታወቀ ሰዓት ይሰጠው። አባቱንም አንድ ቀን ቁጭ ብለው እንዲሰሙት ያድርጉ። የሚሰሙት ነገር ባይጥማቸው እንኳ ልጁ አንዱን መስመር ስንት ጊዜ ደጋግሞ እንደሚሠራ ያያሉ፤ ይህን ትዕግሥት ለሒሳብ ትምህርቱ ቢያውለው ብለው መመኘታቸው አይቀርም፣ እሱም ክፋት የለውም።

«በሰዓት እላፊ ዘመን ባንዶች ሌሊቱን ሙሉ ይጫወቱ ነበር ይባላል። እውነት ነው? ያን ዘመን እንዴት ያስታውሱታል?» (ከአንኮበር)

እውነት ነው። ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ ጀምሮ ደርግ እስከ ወደቀበት እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስ፣ ሰዓቱ ይሻሻል እንጂ፣ የሌሊት መንቀሳቀስ የተከለከለ ነበር። በሆቴል አዳራሽ ውስጥ ሰዓት እላፊ የደረሰበት እንግዳ እስኪነጋ መውጣት ስለማይችል በሩ ተዘግቶበት ያድራል፤ ባንዱም አብሮ። እስከ እኩለ ሌሊት ጭፈራው ይደራል። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ግን ግማሹ እንግዳ ጠረጴዛ ላይ ተደፍቶ ያንቀላፋል፣ ድራመራችን የስኔር ድራሙ ላይ ፎጣ ይዘረጋና በስሱ ይመታል፣ ዘፋኙ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ እኛም ለእርስ በርሳችን እንጫወታለን። አንድ ትዝታ እስኪነጋጋ ይዘን የምንዞርበት ሌሊት ነበር። በዚያ ሰዓት ጮኾ የሚያስደንቀው ሰው የለም፤ ኦርጋኑ ሲተነፍስ ጊታሩ ዝም ማለት እንዳለበት፣ ቤዙ አንድ ኖታ ሲተው ክፍት ቦታው ለማን እንደሆነ የሚታወቀው ያኔ ነው። ከዚያ በኋላ በየትኛውም ትልቅ መድረክ፣ በየትኛውም ትልቅ ድምፅ ማጉያ ፊት ስቆም የተጠቀምሁት ያን የሌሊቱን ጆሮ ነው።

ይህን ብዬ ግን ዘመኑን የሚያወድሱትን አልከተልም። እኛ በተዘጋ በር ውስጥ ስንጫወት ውጭ ወጣቶች እየታፈሱ ነበር። ግጥም ለሳንሱር ይቀርባል፤ ብዙ ባንዶች ያለ ድምፃዊ መጫወትን ያዘወተሩት ለውበቱ ብቻ ሳይሆን ቃል የሌለው ዜማ የሚያስጠይቀው ነገር ስለሌለ ጭምር ነው። ሸክላው ቀርቶ በካሴት ተተካ፤ ከጓደኞቻችን መካከል የወጡት ወጡ፣ ሳይመለሱም ቀሩ። የዚያ ሙዚቃ ጥሩነት የሰዓት እላፊው ውለታ ተደርጎ ሲነገር ያናድደኛል።

«ዲያቆን ነኝ፤ ከጓደኛዬ ጊታር እማራለሁ። ዜማ የተማረ ጆሮ ለጊታር ይረዳል? ደግሞስ ነውር ይሆንብኛል?»

ነውር መሆን አለመሆኑን የንስሐ አባትህን ጠይቅ፤ በእሳቸው ወንበር ላይ አልቀመጥም። ጆሮህ ግን ከብዙዎቻችን ቀድሟል። ዜማ ስትማር ከፊደሉ በላይ የሚጻፉትን ምልክቶች፣ ይዘቱን፣ ድፋቱን፣ ቅናቱን፣ ርክርኩን፣ በመምህርህ ድምፅ ነው የተቀበልካቸው። ጊታር ላይ ጀማሪውን የሚያስቸግረው ኖታውን ማግኘት አይደለም፤ ኖታው ከተገኘ በኋላ ምን እንደሚደረግበት ነው፤ ክሩን ገፍቶ ድምፁን ሽቅብ ማንሳት፣ ማንቀጥቀጥ፣ አስቦ መቁረጥ። ርክርክን በጉሮሮው የሠራ ሰው ጣቱን ምን እንደሚያዘው ያውቃል። የቤተ ክርስቲያኑን ዜማ ራሱን ግን ወደ መድረክ አታውጣው፤ ይህን የምልህ እኔም የምጠነቀቅበት ስለሆነ ነው።

«በወጣትነቴ በኪነት ቡድን ውስጥ ጊታር እጫወት ነበር። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። እንደገና ብጀምር ጣቴ ይታዘዘኛል? ጆሮዬም ማታ ማታ ይጮኽብኛል፤ ከድሮው ሙዚቃ ይሆን?» (ከሸዋ ሮቢት)

ጌታዬ፣ ጆሮውን እናስቀድም። በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ድምፅ ተቀባይ ፀጉር መሰል ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ አይተኩም፤ የሚሰሙት ጩኸትም ብዙ ጊዜ የእነሱ መጎዳት ምልክት ነው። የሙያ ደኅንነት ሰዎች የሚጠቀሙበት ስሌት እንዲህ ነው፦ 85 ዴሲቤል ላይ ስምንት ሰዓት መቆየት ይቻላል፤ ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚቆዩበት ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። በዚህ ስሌት 100 ዴሲቤል ላይ የሚፈቀደው አሥራ አምስት ደቂቃ ብቻ ነው፤ ከድራሙ አጠገብ የቆመ ጊታሪስት ደግሞ ከዚህ በላይ ይሰማል። የእኛ ትውልድ ይህን የነገረው አልነበረም። እርስዎ አሁን የጆሮ ሐኪም ዘንድ ሄደው ይለኩ፤ ጩኸቱ በአንድ ጆሮ ብቻ ከሆነ ወይም ማዞር ካለው ቀጠሮ አያዘግዩ። ከሌሎች ጋር ሲጫወቱም የጆሮ መድፈኛ ያድርጉ። ባንድ ውስጥ ጆሮውን የደፈነ ሰው ሲታይ የሚስቁ ወጣቶች አሉ፤ ይሳቁ።

ስለ ዕድሜው አያስቡ። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1981 ከባንዱ ጋር ወደ አሜሪካ ሄደው እዚያው ቀሩ፤ በዋሽንግተን ለብዙ ዓመታት ታክሲ ሲነዱ ኪቦርዳቸውን መኪናው ውስጥ ይዘው ተሳፋሪ በሚጠባበቁበት ሰዓት ይለማመዱ ነበር። የድሮ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ሲታተም ስልሳ ዓመት አልፏቸው ወደ ዓለም መድረክ ተመለሱ። ልብ ይበሉ፣ ጥሪው ሲመጣ ጣታቸው ዝግጁ የነበረው ልምምዱን ስላላቋረጡ ነው።

የእርስዎ ጣት ግን አቋርጧልና ቀስ ብለው ይግቡ። ቀጭኑን 009 ክር ይሰሩ፤ ጊታሩንም በግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርገው ይቃኙት፣ ለጣት ይለሰልሳል። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት አምፕሊፋየር ሳይከፍቱ፣ በአንድ ቅኝት ብቻ፣ አጫጭር ጊዜ ደጋግመው ይጫወቱ። የጣትዎ ጫፍ ቆዳ እስኪደነድን ያማል፤ የመገጣጠሚያ ሕመም ከሆነ ግን ያቁሙና ያሳርፉት። አምፕሊፋየሩን ሲከፍቱ ወለል ላይ አያስቀምጡት፤ ወንበር ላይ ወደ ፊትዎ አዙረው ያኑሩት። ወለል ላይ ሲሆን ድምፁ እግርዎን ይመታና አልሰማ ስለሚልዎት ይጨምሩታል፤ የሚጎዳው ያው ጆሮዎ ነው።